ሲሞቅ የሚጠፋ የድሮ ዲቲ፦ ሲዲአዩን ተወውና ሞተሩ ታሞ ሳለ ለካው

ሰላም ወንድሜ፣ እንዴት ሰነበትክ። ጥያቄህን ሁለቴ አነበብኩት፣ ሌላውም ሰው እንዲከታተለን በአጭሩ ልድገመው። ከአባትህ የቀረ ያማሃ ዲቲ 125 ሞተር ሳይክል አለህ፣ የድሮው ቱ ስትሮክ፣ ባለ ሲዲአይ (ለካንዴላው እሳት የሚያቀባብለው ሳጥን)። ጧት በአንድ ርግጫ ይነሳል፣ ከተማ ውስጥ ሸጋ ነው፣ ከባህር ዳር ወጥተህ መሸንቲ ሳትደርስ ግን ድንገት ቀጥ ይላል። ግማሽ ሰዓት ዛፍ ስር ስትቀመጥ ምንም እንዳልሆነ ይነሳል፣ ትንሽ ሄዶ ደግሞ ይጠፋል። ካንዴላ ሁለቴ ቀየርክ፣ ካርቡሬተር አሳጠብክ፣ መጨረሻ ላይ "ሲዲአዩ ሞቷል" ተብለህ ሌላ ገዛህ፣ ያው ነው። ፍሬሙን በቅርቡ ቀለም እንዳስቀባህም ጽፈሃል፣ እሷን መንገርህ ጥሩ ነው፣ እመለስባታለሁ።

ግምቴን ቶሎ ልንገርህ፣ ከቮላኖው (ከሞተሩ ጋር ከሚዞረው ባለ ማግኔት ጎማ ብረት) ስር ያለው ቻርጅ ኮይል፣ ካረንት የሚያመነጨው ጥምጥም ሽቦ ነው። ግን ግምት ነው፣ በግምት ደግሞ እቃ አይገዛም፣ አንተ እስካሁን በግምት ስንት ብር እንዳወጣህ ራስህ ታውቃለህ።

ሲዲአይ ለምን ሁሌ እንደሚወቀስ ልንገርህ። በሙጫ የተደፈነ ጥቁር ሳጥን ነው፣ አይፈታም፣ በተራ ቴስተር (ኤሌክትሪክ መለኪያ) ለክተህ ደህና ነው ወይ ሞቷል ማለት አትችልም፣ ስለዚህ ሲከሱት አይከራከርም። ለመቀየርም ሁለት ብሎን ነው። ቮላኖ ማውጣት ግን ፑለር (መንቀያ) ይፈልጋል፣ ጊዜ ይፈልጋል፣ እጅ ይቆሽሻል። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ማለት ይሄ ነው። እኔ ሲዲአይ አይሞትም አልልም፣ ይሞታል፣ ሲሞቅ ብቻ የሚሞትም አለ። ያንተ ግን ተቀይሮ በሽታው በዛው ቦታ በዛው ሰዓት ከመጣ ድሮም ጥፋተኛው እሱ አልነበረም ማለት ነው። የድሮውን እንዳትጥለው፣ ኦሪጅናል ከሆነ ወርቅ ነው።

አሠራሩን ካወቅከው ፍለጋው ይቀልሃል። ያንተ ሞተር እሳት የሚያገኘው ከባትሪ አይደለም፣ ባትሪውን አውልቀህ እቤት ብትተወውም ይነሳል። ቮላኖው ውስጡ ማግኔት አለው፣ ሲዞር ቻርጅ ኮይሉ ላይ ካረንት ይፈጥራል፣ ያ ካረንት ሲዲአዩ ውስጥ ያለ ካፓሲተር ላይ ይጠራቀማል፣ 200 እና 300 ቮልት ድረስ (ለዚህ ነው ሞተሩ እየዞረ ሶኬቱን በእጅህ አትንካ የምልህ፣ ያነዝራል ሳይሆን ይጥልሃል)። ፒስተኑ ጫፍ ሊደርስ ሲል ፒክአፕ የምንለው ትንሹ ኮይል ምልክት ይሰጣል፣ ካፓሲተሩ የያዘውን ባንዴ ቦቢናው ላይ ይደፋዋል፣ ቦቢናው ከ20 ሺህ ቮልት በላይ አድርጎ ለካንዴላው ያቀብላል። በቃ ይሄው ነው። እሳት ከጠፋ ተጠርጣሪዎቹ ቻርጅ ኮይሉ፣ ፒክአፑ፣ ሲዲአዩ፣ ቦቢናው ከነገመዱና ካንዴላው ላይ ከሚሰካው ቆቡ ጋር፣ ከዛ ደግሞ ሁሉም የሚረሳት የማጥፊያዋ ሽቦ ናቸው። መብራቴ ስለሚበራ ማግኔቱ ደህና ነው እንዳትል ታዲያ፣ የመብራቱ ኮይል ሌላ ነው፣ ጎን ለጎን ተቀምጠው አንዱ ሞቶ አንዱ ይኖራል።

አሁን ወደ ሙቀቱ ልምጣ። ቻርጅ ኮይል ማለት ከፀጉር ብዙ በማይወፍር የመዳብ ሽቦ ሺ ጊዜ የተጠመጠመ ነገር ነው፣ ሽቦው እርስ በርሱ እንዳይነካካ ቫርኒሽ ለብሷል። ይሄ ሞተር አንተ ሳትወለድ ጀምሮ ሲሞቅ ሲበርድ፣ በኮረኮንች ሲንቀጠቀጥ ኖሯል፣ ስለዚህ ወይ ቫርኒሹ ይሰነጠቃል ወይ ሽቦው አንድ ቦታ ይበጠስና ጫፍና ጫፉ ተነካክቶ ይቀመጣል። ሲበርድ ይነካካል፣ ሲሞቅ ሁሉም ነገር ይለጠጥና ይላቀቃል፣ ካረንት ቀጥ። ሌላም ነገር አለ፣ ሞተሩ ከቆመ በኋላ ንፋሱ ስለሚቀር የብረቱ ሙቀት ወደ ኮይሉ ነው የሚሄደው፣ ማለትም በቆምክ በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ኮይሉ ይብሳል እንጂ አይሻለውም፣ ለዛ ነው ወዲያው ስትረግጠው እምቢ ብሎ ግማሽ ሰዓት የሚያስቀምጥህ። እና አይሱዙ ላይ ጭነህ ጋራዥ እስክታደርሰው በርዷል፣ መካኒኩ ይለካል፣ ሁሉም ደህና። "ሁሉም ደህና ከሆነ እንግዲህ ሲዲአዩ ነው።" ገባህ አይደል? መካኒኩ ዋሽቶህ አይደለም፣ ጤነኛ ሞተር ነው የለካው።

ስለዚህ መለካት ያለብህ እዛው መሸንቲ መንገድ ላይ፣ የጠፋ ሰዓት ነው።

ከመሄድህ በፊት ጉዞህ ከንቱ እንዳይሆን አንድ ነገር፣ ልክ እንደዚሁ አድርጎ የሚያታልል የቤንዚን በሽታ አለ። የሰልባትዮው (የቤንዚን ታንከሩ) ክዳን ላይ አየር የምታስገባ ቀጭን ቀዳዳ አለች፣ እሷ በአቧራ ስትደፈን ቤንዚን እየቀነሰ ሲሄድ ሰልባትዮው ውስጥ አየር ያጥራል፣ ቤንዚኑ መውረድ ያቆማል፣ ሞተሩ ይጠፋል፣ ስትቆም ቀስ ብሎ አየር ይገባና ይነሳል። በጠፋ ጊዜ ክዳኑን ክፈትና ጆሮህን አስጠጋ፣ ፍስስ ካለ ያገኘኸው እሱን ነው፣ ክዳኑን እጠበውና ቤትህ ግባ። አጠፋፉም ይለያል፣ ቤንዚን ያጣ ሞተር እየደከመ፣ እየተንገዳገደ ነው የሚሞተው፣ ቾክ ስትስብለት ትንሽ ነፍስ ይዘራል። እሳት ያጣ ግን አምፖል እንደጠፋ ነው፣ አንዳንዴም ቆረጥ ቀጠል እያለ ማርሚታው (የጭስ ማውጫው) ይተኩሳል። አንተ "ድንገት ቀጥ" ነው ያልከው፣ ለዛ ነው ወደ እሳት ያደላሁት።

መንገድ ላይ ይዘህ የምትወጣው ካንዴላ ቁልፍ፣ ደህና መሆኑን ያረጋገጥከው ካንዴላ፣ አንድ አሮጌ ካንዴላ፣ አጭር ሽቦ፣ ፒንሳ፣ ካቻቢቴ፣ ቴስተር፣ ወረቀትና እስክሪብቶ ነው። አሮጌውን ካንዴላ እቤት አዘጋጀው፣ የጎኑን ጥፍር በፒንሳ አቃናና ከመሀሉ ጋር 6 ሚሊሜትር እንዲራራቅ አድርገው። ለምን መሰለህ፣ በ0.7 ሚሊሜትር ክፍተት አየር ላይ እሳት ማየት ምንም አያረጋግጥም፣ ሲሊንደር ውስጥ አየሩ ታምቆ ነው ያለው፣ እሳት እዛ ውስጥ ለመዝለል በጣም ይከብደዋል። ደካማ ቦቢና ውጪ ላይ ብልጭ እያለ ውስጥ ግን ዝም የሚለው ለዚህ ነው። 6 ሚሊሜትር ዘሎ ጠጠር ያለ ድምፅ ከሰጠ፣ ቀለሙም ሰማያዊ ከሆነ፣ የእሳቱ ወገን ነፃ ነው።

ሲጠፋ ቶሎ በል፣ ስልክ አትደውል፣ ሲጋራም የምታጨስ ከሆነ አሁን አይደለም። መጀመሪያ ክዳኑን ክፈትና አድምጥ፣ መልሰህ ዝጋው፣ የቤንዚን ቧንቧውን ዝጋ። ካንዴላውን አታውልቀው፣ ቀዳዳው ክፍት ከሆነ ስትረግጥ ቤንዚን ይተፋና እሳቱ አጠገብ ነው። ቆቡን ብቻ ነቅለህ በአሮጌው ካንዴላ ላይ ሰካው፣ የካንዴላውን ብረት በሽቦው ከቴስታታው (ካንዴላው ከገባበት የሞተሩ ራስ) ጋር አጥብቀህ እሰር። ይሄ ማሰር ቀልድ አይደለም፣ ቆቡን አየር ላይ አንጠልጥለህ ከረገጥክ ያ ሁሉ ቮልት መውጫ ሲያጣ በቦቢናው ወይ በሲዲአዩ ውስጥ ይፈነዳል፣ ደህና ሲዲአይ በምርመራ ሲገደል አይቻለሁ። ከዛ በጃኬትህ ጥላ ሥራለትና ርገጥ፣ የኛ ቀን ፀሐይ ላይ እሳት አይታይም። እሳት ካለ ካርቡሬተር እና ቤንዚን ላይ ተመለስ። ከሌለ ከሲዲአዩ ላይ የማጥፊያዋን ሽቦ ንቀል፣ ያማሃ ላይ ጥቁር ሆና ነጭ መስመር ያላት ናት፣ ደግመህ ርገጥ። አሁን እሳት ከመጣ ኮይልህ ደህና ነው፣ ሽቦዋ ወይ ማጥፊያው ነው ማሳ የሚነካው፣ ኔጋቲቩን ማለቴ ነው። አሠራሯ እንዲህ ነው፣ ሞተሩን ስታጠፋ ካረንት አትቆርጥም፣ ወደ ማሳ ነው የምትደፋው፣ ስለዚህ የትም ቦታ ተልጣ ፍሬሙን ከነካች ሞተሩ አጥፉኝ የተባለ ይመስለዋል። (ነቅለህ ከነዳህ በቁልፍ አይጠፋልህም፣ በአራተኛ ማርሽ ፍሬን ይዘህ ፍሪሲዮን ልቀቅ።)

በዚች ሽቦ እኔ ራሴ ተዋርጃለሁ። የዘጌ ቡና ነጋዴ ነበር ሰውዬው፣ ሞተሩ ዘጌ መንገድ ላይ ብቻ ይጠፋበታል፣ ከተማ ውስጥ አንድም ቀን ጠፍቶ አያውቅም። ጫካው ውስጥ እርጥበት አለ ብዬ ቆቡን ቀየርኩ፣ ቦቢናውን ቀየርኩ፣ ገመዱን ቀየርኩ፣ ሦስቴ ተመለሰ። በመጨረሻ ሞተሩ ግቢ ውስጥ እየሠራ ከቦታው ላነሳው መሪውን ጥግ ድረስ ወደ ግራ ሳዞረው ጭጭ አለ። ቀና አደረግኩት፣ አስነሳሁት፣ ወደ ግራ፣ ጭጭ። ከመሪው አንገት ስር ሽቦዋ በፍሬሙ ጠርዝ ተፈግፍጋ ልብሷ አልቆ መዳቧ ሲያበራ ይታያል፣ ስንዴ ፍሬ የምታህል ቦታ። አስፋልት ላይ ማን መሪ ጥግ ድረስ ያዞራል? ያ መንገድ ግን ጠመዝማዛ ነው። አንተም እቤትህ ሽቦዋን ከሲዲአዩ ነቅለህ ቴስተሩን በሷና በማሳ መሀል አድርግ፣ ቁልፉን ክፈት፣ መሪውን ግራ ቀኝ አዙር፣ ቴስተሩ ጢጥ ካለ እዛው ፈልግ።

ቀለሙ ጋ ደርሰናል። ቦቢናው ማሳ የሚያገኘው ፍሬም ላይ በታሰረበት ብሎን ነው፣ ቀለም ቀቢ ደግሞ ሁሉንም እኩል ነው የሚቀባው፣ አያስቀርም። ቀለም ካረንት አያሳልፍም። ብሎኑ ጥርስ ላይ ትንሽ ስለሚነካካ ሞተሩ ይነሳ ይሆናል ግን ደካማ ነው፣ ሲንቀጠቀጥ ሲሞቅ ይለቃል። ቦቢናውን ፍታ፣ የተቀመጠበትን ብረት በብርጭቆ ወረቀት እስኪያበራ ፈግፍገው፣ ጥቁሯ የሲዲአይ ሽቦም የታሰረችበትን እንደዛው፣ ከሞተር ብሎክ ወደ ፍሬም አንድ ተጨማሪ ሽቦ ብትዘረጋም አይጎዳህም። ይሄን ከሁሉ በፊት አድርገው፣ ነፃ ነው፣ ምናልባትም እዚሁ ትገላገላለህ።

ካልተገላገልክ ወደ ቴስተሩ። ከማግኔቱ የሚመጣው ሶኬት ሰልባትዮው ስር ነው፣ ጧት ሞተሩ ሳይነሳ ሶኬቱን ነቅለህ ቻርጅ ኮይሉን በኦም (ሽቦው ካረንትን የሚቋቋምበት ልክ) ለካና ጻፍ፣ ፒክአፑንም፣ ቦቢናውንም። ቦቢናው በቀጭኗ ሽቦ በኩል አንድ ኦም ገደማ ወይ ከዛ በታች ነው፣ በወፍራሙ ገመድ በኩል ቆቡን አውልቀህ ጥቂት ሺ ኦም። ቻርጅ ኮይሉ በአብዛኛው መቶ ቤት ውስጥ ነው፣ ፒክአፑ ብዙ ጊዜ ከዛ ያንሳል፣ ትክክለኛው ቁጥር በየሞዴሉና በየዓመቱ ስለሚለያይ ጎረቤት ሞተር ላይ የተለካ ቁጥር አምጥተህ አትጨነቅ። ቁምነገሩ ያንተው የጧትና ያንተው የትኩስ ልዩነት ነው።

እዚህ ጋ ብዙ ሰው ይሳሳታል፣ መካኒክም ሳይቀር። መዳብ ሲሞቅ ኦሙ ይጨምራል፣ ተፈጥሮው ነው፣ በየዲግሪው 0.4 ፐርሰንት ገደማ። ጧት በ25 ዲግሪ 300 ኦም ያነበብከው ጤነኛ ኮይል 85 ዲግሪ ሲደርስ 370 ገደማ ማንበብ አለበት። ስለዚህ "ሲሞቅ ጨመረ፣ ተበላሽቷል" አትበል፣ ጭማሪው ጤና ነው። በሽታው ቁጥሩ ጠፍቶ ቴስተሩ ክፍት (ሽቦው ተቆርጧል) ሲልህ ነው፣ ወይ ቁጥሩ እየዘለለ አልቆም ሲል፣ ወይ ደግሞ ሲሞቅ ሲቀንስ፣ መቀነስ ማለት ቫርኒሹ ለቆ ጥምጥሙ እርስ በርሱ ተነካክቷል ማለት ነው። ከሁለቱም ጫፍ ወደ ማሳም ለካ፣ አንዳንዱ ሞዴል ላይ አንዱ ጫፍ ራሱ ማሳ ስለሆነ መጀመሪያ ጧት ምን እንዳለ እየው። ኦም ብቻውን ካላሳመነህ ቴስተሩን ኤሲ ቮልት ላይ አድርገህ ሶኬቱ እንደተነቀለ ርገጥና ጻፍ። ተራ ቴስተር ያን ፈጣን ምት በትክክል አያነብም፣ ግን ጧት የሆነ ቁጥር አሳይቶ በትኩሱ ግማሽ ከሆነ ምን ትፈልጋለህ ሌላ።

መንገድ ላይ መለካት የማይመችህ ከሆነ ኮይሉን አስወጥተህ እቤት ማሞቅ ትችላለህ፣ እኔ በዚህ ነው የማምነው። ኮይሉን ባልተቀደደ ወፍራም ፌስታል ከተህ ሽቦዎቹን ብቻ ወደ ላይ አውጥተህ እሰረው፣ ውሃ አፍላና አውርደው (ባህር ዳር 1800 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች ውሃችን 94 ዲግሪ አካባቢ ነው የሚፈላው፣ ሻያችን ቶሎ የሚጠጣው ለዛ ሳይሆን አይቀርም)፣ ትንሽ ሲበርድ ኮይሉን ንከረውና 15 ደቂቃ ቆይተህ እዛው ውስጥ እንዳለ ለካ። ሽቦዎቹንም እየነካካህ ቁጥሩን ተመልከት። ውሃ እንዳይገባው ብቻ ተጠንቀቅ፣ የገባ ውሃ ራሱ የውሸት በሽታ ይፈጥራል።

ለማስወጣት ቮላኖው መውለቅ አለበት፣ እዚህ ጋ ልለምንህ፣ መዶሻ አይንካው። ለዚህ ሞተር የሚሆን ፑለር አለ፣ ጥርሱን እስከ መጨረሻው አስገብተህ አጥብቅ፣ ከዛ የፑለሩን ብሎን ጭንቅላት ብቻ ቀለል አድርገህ ኳ አድርገው፣ ይለቃል። ቮላኖውን ጎን ለጎን የደበደበ ሰው ማግኔቱን ይሰነጥቃል ወይ ሻፍቱን ያጣምማል፣ ከዛ በኋላ የእሳት ችግር ሳይሆን የሞተር ችግር ነው የሚኖርህ። ሲወጣ ግማሽ ጨረቃ የምትመስለውን ቁልፍ ብረት እያት፣ ጠርዟ ተላጭቶ ከሆነ ቮላኖው ተንሸራቷል፣ እሳቱ ያለ ሰዓቱ ነው የሚመጣው። ኮይሎቹ የታሰሩበትን ሳህን ከመፍታትህ በፊት በምስማር ሳህኑና ብሎኩ ላይ አንድ መስመር አስምር፣ ስትመልስ እዛው መስመር ላይ፣ አለበለዚያ ታይሚንጉን (እሳቱ የሚመጣበትን ሰዓት) ታጣዋለህ። ውስጡ ዘይትና ቤንዚን ካረጠበው ደግሞ በሻፍቱ ዙሪያ ያለው ኦይልሲል (ዘይት የሚያግደው ላስቲክ) አልቋል፣ ሌላ ሥራ ነው ግን በዛው ቀይረው።

ኮይሉ ጥፋተኛ ከሆነ አዲስ ወይ ከሌላ ዲቲ የወጣ ፈልግ፣ ካጣህ ይጠመጠማል። የወፍጮ ሞተርና የውሃ ፓምፕ የሚጠመጥሙ ዲናሞ ሠሪዎች አሉን፣ እጃቸው ጥሩ ነው ግን በወፍራም ሽቦ ነው የለመዱት፣ ይሄ ቀጭን ነው፣ ሲስቡት ይበጠሳል። አሮጌውን ሲፈቱ ዙሩን እንዲቆጥሩ፣ ውፍረቱ ያው እንዲሆን፣ የሚዞርበት አቅጣጫ እንዳይገለበጥ፣ መጨረሻ ላይ ቫርኒሽ ጠጥቶ በሙቀት እንዲደርቅ ቁመህ አስደርግ። ቫርኒሽ ያልጠጣ ኮይል ጢስ አባይ ደርሶ ሳይመለስ ይበጠሳል፣ ኮረኮንች ምሕረት የለውም።

የገዛኸውን ሲዲአይ ደግሞ ለየው። ሁለት ዓይነት አለ፣ ከማግኔት የሚሠራና ከባትሪ የሚሠራ፣ በቅርብ ዓመታት የገቡት ሞተሮች የብዙዎቹ ሲዲአይ ከባትሪ የሚሠራው ነው፣ ሳጥኑም ሶኬቱም ሊመሳሰል ይችላል። ያንተ ስለተነሳ የማግኔቱን ነው የሰጡህ፣ ቢሆንም ታይሚንጉ ለዲቲ የተሠራ ላይሆን ይችላል፣ ስለዚህ በሽታው ሲገኝ የአባትህን መልስ። የካንዴላ ቆቡንም ጠምዝዘህ አውጥተህ ለካ፣ ጎኑ ላይ 5 ኪሎ ኦም የሚል ከሆነ እዛው አካባቢ ማንበብ አለበት፣ በጣም ከራቀ ጣለው፣ ገመዱንም ጫፉን ትንሽ ቆርጠህ በአዲስ መዳብ ላይ አጥብቅ። እና ሞተርህን አባይ ዳር ወስደህ በባልዲ የማግኔቱን ክዳን አትድፋበት፣ ሶኬቶቹ ውስጥ የማየው አረንጓዴ ዝገት አብዛኛው ከዛ የመጣ ነው።

እንግዲህ መጀመሪያ የቦቢናውን ማሳ ፈግፍግ፣ ከዛ መሪውን አዙረህ ሽቦዋን እይ፣ ከዛ ቴስተርህን ይዘህ ወደ መሸንቲ ውጣ። የጧቱንና የትኩሱን ቁጥር ጎን ለጎን ጽፈህ ላክልኝ፣ የሽቦዎቹንም ቀለም አብረህ ጻፍ። ያ ቁጥር እጄ ሳይገባ አንድም እቃ እንዳትገዛ።